ከዘይላ ማንግሮቭ መድኃኒት ለምትፈልግ ልጄ

ልጄ፣ ለመመረቂያ ጥናትሽ የመረጥሽውን ርዕስ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። በሶማሌላንድ ካለው ከዘይላ ዳርቻ ማንግሮቭ ባክቴሪያን የሚገድል ንጥረ ነገር መፈለግ ከዚህ አገር መሬትና ከዚህ አገር ሕመም የተነሣ ጥያቄ ነው። ግን ስጋትም ገብቶኛል። ሥራው ሲጀመር ቀላል ይመስላል፦ ቅጠል ይለቀማል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ ባክቴሪያ በተዘራበት ፕሌት ላይ ይደረጋል፣ በማግስቱ የጠራ ክብ ይታያል። ከዚያ ወዲያ «መድኃኒት ተገኘ» ለማለት አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚቀረው። በዚያች እርምጃ ላይ ብዙ ጎበዝ ተማሪ ሲሳሳት አይቻለሁ። ዕድሜዬን በላብራቶሪ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን በቁጥር በቁጥር ልጻፍልሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1. ዛፉን ሳታውቂ ቅጠሉን አትቁረጪ።

አንቺም እኔም የደጋ ልጆች ነን። የዛሬዋ ኢትዮጵያ ባሕር ስለማይነካት ማንግሮቭን የምናውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ነው። በዘይላና አጠገቧ ባሉት የሰዓደዲን ደሴቶች የሚበቅለው ዛፍ በሳይንስ ስሙ አቪሴኒያ ማሪና ይባላል፤ የቀይ ባሕር ዓረቦች ሹራ ይሉታል። ሊኒየስ አቪሴኒያ የሚለውን የወገን ስም ያወጣው ለታላቁ ሐኪም ለኢብን ሲና መታሰቢያ ነው።

እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ ዝም ብለሽ ተመልከቺው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣበታል፣ ይሸሽበታል። ሥሩ የተተከለበት ጭቃ ጥቁር ነው፣ አየር የለውም፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ስለዚህ ዛፉ እርሳስ የሚያካክሉ ቀጫጭን ሥሮችን ከጭቃው ወደ ላይ አውጥቶ በእነሱ ይተነፍሳል። ከሥሩ ያለፈውን ጨው ደግሞ በቅጠሉ በኩል ያስወጣዋል፤ ፀሐይ ሲወጣ ቅጠሉን በጣትሽ ብትጠርጊው ነጭ ጨው ይይዝሻል። ይህችን ነገር አትርሻት፤ ላብራቶሪ ስትገቢ ትፈልጊያታለሽ።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ዛፉ ለምን ኬሚካል እንደሚሠራ እንዲገባሽ ነው። ተክል መሸሽ አይችልም። በባክቴሪያና በፈንገስ በተሞላ ጭቃ ውስጥ፣ በጨውና በፀሐይ መካከል ቆሞ የሚኖር ተክል ራሱን የሚጠብቀው በሚያመርተው ንጥረ ነገር ነው። በአቪሴኒያ ውስጥ ታኒን፣ ፍላቮኖይድ፣ ትራይተርፔኖይድ፣ ኢሪዶይድ ግላይኮሳይድና ናፍቶኪኖን የሚባሉት ክፍሎች ተገኝተዋል። ከእነዚህ መካከል ይበልጥ ልትከታተያቸው የሚገባሽ ናፍቶኪኖኖቹን ይመስለኛል። ታኒኑን ግን ተጠንቀቂው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

2. ዛፉን የማይጎዳ አሰባሰብ ይኑርሽ።

ከአንድ ዛፍ ብዙ ቅጠል አትልቀሚ፤ ከብዙ ዛፍ ጥቂት ጥቂት ውሰጂ። ቅርፊት ካስፈለገሽ ግንዱን ዙሪያውን አትላጪ፤ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይሞታል። በዚህ ጠረፍ ማንግሮቭ የሚበቅለው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ለማገዶም ለቤት መሥሪያም ይቆረጣል፤ ዓሣ የሚራባው ደግሞ በእሱ ሥር ነው። በኤርትራ ምጽዋ አጠገብ በሕርጊጎ ጎርደን ሳቶ የተባሉ ሳይንቲስት ከነዋሪዎቹ ጋር ሆነው ማንግሮቭ በሌለበት ዳርቻ ተክለዋል፤ ችግኙ እንዲጸድቅ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት መስጠት ነበረባቸው፤ ሴቶቹ ቅጠሉን ለፍየልና ለበግ መኖ ያደርጉት ነበር። እዚያ በዚህ ያህል ድካም የተተከለው እዚህ ሳይተከል የበቀለ ነው። አንድ ተማሪ ለአንድ ወረቀት ብሎ ሊያሳሳው አይገባም።

ከመሄድሽ በፊት ፈቃድ ያዢ፤ ከአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤትም፣ ከመንደሩ ሽማግሌዎችም። ከሐርጌሳ ከተማ መጥታ ቅጠል ሸምጥጣ የምትሄድ ልጅ እንዳትመስዪ፤ ቁጭ ብለሽ ሻይ ጠጪ፣ ትልልቆቹን ወንዶች አዴር፣ ትልልቆቹን ሴቶች ኤዶ ብለሽ ጥሪያቸው፣ ምን ልታደርጊ እንደመጣሽ በሶማሊኛ አስረጃቸው። ዓሣ አጥማጆቹ የማዕበሉን ሰዓት ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ጭቃው ውስጥ ሳለሽ ውሃው እንዳይመጣብሽ እነሱን ስሚ።

አበባ ወይም ፍሬ ያለው አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ ተጭኖ ይድረቅና ከቀኑ፣ ከቦታውና ከቁጥሩ ጋር ይቀመጥ። ከዓመታት በኋላ ሰው ሥራሽን ቢጠራጠር ያ ደረቅ ቅርንጫፍ ይመሰክርልሻል። ቅጠሉን በላስቲክ አፍነሽ አትጫኚው። የጠረፉ ሙቀት በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ሐርጌሳ እስክትደርሺ የያዝሽው ቅጠል ሻግቶ ይቆይሻል፤ ያኔ የምትመረምሪው የዛፉን ሳይሆን የሻጋታውን ኬሚካል ነው። በወረቀት ከረጢት አድርጊው፣ በበረዶ ሳጥን ጫኚው፣ በንጹሕ ውሃ ጨውን እጠቢለት፣ በጥላ ሥር አድርቂው።

3. እሳት አታብዢ።

የቻይናዋ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒት ፍለጋ ላይ ሳሉ፣ የጭቁኝ ዘመድ የሆነው ተክል አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም ነበር። ኋላ ከጌ ሆንግ ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ላይ ተክሉ በውሃ ተነክሮ፣ ተጨምቆ፣ ጭማቂው እንደሚጠጣ አነበቡ። መቀቀል የለም። ሙቀቱ ንጥረ ነገሩን እያበላሸው እንደሆነ ጠረጠሩ፤ ከ1971 ጀምሮ በዝቅተኛ ሙቀት በኢተር ማውጣት ሲጀምሩ አርቴሚሲኒን ወደ መገኘቱ ደረሱ፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አንድ የቆየ ጽሑፍ ያዘዘውን በትክክል ማንበባቸው ነው ያደረሳቸው።

አንቺም ማሟሟያሽን ከሄክሳን ጀምረሽ ወደ ኢታይል አሲቴት፣ ከዚያ ወደ ሜታኖል፣ በመጨረሻ ወደ ውሃ ሂጂ። እያንዳንዱ የሚያወጣው የተለየ ነገር ነው። ማሟሟያውን ስታተኚው ሙቀቱን ከ40 ዲግሪ ብዙ አታሳልፊው፤ ሲያልቅም ጨርሶ መድረቁን በሚዛን አረጋግጪ፣ ክብደቱ ሁለት ጊዜ ተመዝኖ እኩል እስኪሆን ድረስ። የቀረ ሜታኖል ራሱ ባክቴሪያ ይጎዳል፤ ከዚያ ቅጠሉን የምታመሰግኚው በአልኮሉ ሥራ ይሆናል። መብራት ሲቋረጥ ማድረቂያው እንደሚቆም አስቢና መዝገብሽ ላይ ሰዓቱን ጻፊ።

4. የጠራው ክብ የሚለውን ብቻ ስሚው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

ባክቴሪያሽን በጨው ውሃ ስትበጠብጪ ድፍርሱ 0.5 ማክፋርላንድ መሆን አለበት፤ ይህ በአንድ ሚሊሊትር 150 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ማለት ነው። ጥቁር መስመር ያለበት ነጭ ካርድ ከቱቦዎቹ ኋላ ያዢና የአንቺንና የመለኪያውን ድፍርስ ጎን ለጎን አስተያዪ። «ይመስላል» ብለሽ አትለፊ። ሳስቶ ከተዘራ ክቡ ያለ ዋጋው ይሰፋል፣ በዝቶ ከተዘራ ይጠባል። ስዋቡን ነክረሽ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ጨመቅ አድርጊው፤ ሙለር ሂንተን አጋሩ ላይ ፕሌቱን እያዞርሽ ሦስት ጊዜ ዝሪ፤ ጠርዙንም አትርሺ። ከዚያ 6 ሚሊሜትር የሆኑትን የወረቀት ዲስኮች በፎርሴፕስ አስቀምጪ፣ ጫን አድርጊያቸው፣ አንዴ ካረፉ በኋላ አታንቀሳቅሻቸው። በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይደሩ።

በማግስቱ ፕሌቱን ገልብጠሽ በጥቁር ጨርቅ ላይ ያዢው። በዲስኩ ዙሪያ የጠራው ቦታ ያበቃል፣ የባክቴሪያው ግራጫ ምንጣፍ ይጀምራል። አንዳንዴ ጠርዙ በምላጭ እንደተቆረጠ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጭጋጋማ ነው፤ ውስጡ ጥቃቅን ነጠብጣብ ታያለሽ። እነዚያ ነጠብጣቦች የተረፉ ናቸው፤ ችላ ብለሽ ለካሁ አትበይ፣ እንዳየሽው ጻፊው።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። ክቡ የሚነግርሽ አንድ ነገር ከዲስኩ ወጥቶ በአጋሩ ውስጥ እንደተሰራጨና በዚያ ስፋት ባክቴሪያው እንዳልበቀለ ነው። ትንሽ ሞለኪውል በአጋር ውስጥ ቶሎ ይሮጣል፤ ትልቁ ወይም ቅባትነት ያለው ዲስኩ አጠገብ ይቀራል። ስለዚህ ሰፊ ክብ ሁልጊዜ ብርቱ መድኃኒት ማለት አይደለም፤ ጠባብ ክብም ሁልጊዜ ደካማ ማለት አይደለም። ደግሞ ለማነጻጸሪያ የምታስቀምጪው የአንቲባዮቲኩ የጄንታማይሲን ዲስክ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው የያዘው፤ አንቺ በዲስክሽ ላይ 5 ሚሊግራም የቅጠል ንጥር ካደረግሽ 500 እጥፍ ማለት ነው። ሁለቱን ክቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ከጄንታማይሲን የሚስተካከል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አለ። አንቺ እንዳትጽፊው።

ታኒኑን ተጠንቀቂ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ታኒን ቆዳ የሚለፋበት ነገር ነው፤ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ይይዛል። ፕሌት ላይ ባክቴሪያውን ያቆመዋል፤ በሰው ቁስል ወይም በሰው ደም ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው የሰውየውን ፕሮቲን ስለሆነ ከባክቴሪያው ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ታኒኑን አስወግደሽ ፈተናውን ድገሚው። ኃይሉ ካልጠፋ ጥሩ ነገር ይዘሻል፤ ከጠፋም እውነቱን አውቀሻል።

ሁለተኛው የሚያሳስተው ነገር ጨው ነው። ያ በቅጠሉ ላይ ያየሽው ጨው በውሃ ንጥርሽ ውስጥ ተከማችቶ ይገባል። ስታፊሎኮከስ አውሬየስ ጨው ይችላል፤ 7.5 በመቶ ጨው ባለው ማኒቶል አጋር ላይ ሳይቀር ይበቅላል፤ ብዙዎቹ ሌሎች ግን አይችሉም። ስለዚህ ከውሃው ንጥር ጋር እኩል ጨው የያዘ ዲስክ ሠርተሽ በዚያው ፕሌት ላይ አድርጊ። ንጥሩን ያሟሟሽበት ዲኤምኤስኦም ለብቻው ዲስክ ይኑረው። እነዚህ ኮንትሮሎች ክብ ካሳዩ የቅጠሉን ክብ ማመን የለብሽም።

ከዲስኩ በኋላ ወደ ቱቦ ወይም ወደ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ውረጂና ባክቴሪያውን የሚያቆመውን ዝቅተኛ መጠን ፈልጊ። ዋናው ቁጥር ይህ ነው። ድፍድፍ ንጥር በአንድ ሚሊሊትር ከ100 ማይክሮግራም በታች ሆኖ ከሠራ ቀጥይበት፤ ከ1000 በላይ ካስፈለገው ግን በዚያ መንገድ መግፋት ገንዘብሽንም ጊዜሽንም ይበላል። የማንግሮቭ ንጥር ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ድፍርሱን በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ሬዛዙሪን የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ጨምሪበት፣ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ወደ ሮዝ ይቀይረዋል።

5. የሐርጌሳን ባክቴሪያ ፈትኚ።

ከውጭ የሚመጡት መመዘኛ ዝርያዎች ያስፈልጉሻል። ግን እነሱ በመድኃኒት ያልተፈተኑ የዋህ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሰው የሚገድለው በዚህ ከተማ ዎርድ ውስጥ ያለው ነው።

በሐርጌሳ ፋርማሲ ገብቶ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም አዚትሮማይሲን ያለ ማዘዣ መግዛት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አዲስ አበባም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም። ሕመምተኛው ሦስት ቀን ወስዶ ሲሻለው ያቆማል፣ የቀረውን ለጎረቤት ይሰጣል። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል አነስተኛ መጠን መውሰድ ባክቴሪያውን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። ሜቲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ሥራ ላይ በዋለ በሁለት ዓመት ገደማ የማይበግረው ስታፊሎኮከስ በእንግሊዝ አገር ተገኘ። ዘ ላንሴት በ2022 ያወጣው ጥናት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ምክንያት እንደሞተ ገምቷል፤ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ከሁሉም ይበልጥ የተጎዳ ነው።

ቁጥሩን ለብቻው እንዳታዪው፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል በወሊድ ጊዜ የተቀደደች እናት ቁስሏ መግል ይዞ መጣች። ስዋቡ ሲዘራ በማግስቱ አረንጓዴ ቀለም አፈሰሰ፣ የወይን ፍሬ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ሸተተ፤ ሱዶሞናስ ነው። ዲስኮቹ ተደረጉ። ፕሌቱ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆኖ አደረ፤ ባክቴሪያው እያንዳንዱን ዲስክ እስከ አፋፉ ከቦት በቅሏል። ያልተሞከረው መድኃኒት ደግሞ በከተማው አልነበረም። ያችን ሴት በየቀኑ ቁስሏን በማጠብና በነርሶቹ ትዕግሥት ነው ያተረፏት። የአንቺ ርዕስ የሚነሣው ከእንዲህ ያለ ፕሌት ነው፤ ንጥርሽንም የምትፈትኚው በእንዲህ ባሉት ላይ ይሁን።

ናሙና ከሆስፒታል ስትጠይቂ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይሁን። የሕመምተኛ ስም ከአንቺ መዝገብ አይግባ፤ ሐርጌሳ ትልቅ ከተማ ብትመስልም ሰው ሰውን ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ጠብቂ፦ ኢ. ኮላይና ሱዶሞናስን የመሰሉት ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አላቸው፤ የገባባቸውንም መልሶ የሚያስወጣ ፓምፕ አላቸው። የተክል ንጥር ብዙውን ጊዜ ስታፊሎኮከስን ያቆምና እነሱ ዘንድ ሲደርስ ይሸነፋል። ይህ ቢገጥምሽ አትዘኚ፣ ቁጥሩንም አታሳምሪው።

6. ከተክል ምን እንደሚገኝና ምን እንዳልተገኘ እወቂ።

የምንውጣቸውና የምንወጋቸው አንቲባዮቲኮች በብዛት የመጡት ከአፈር ባክቴሪያና ከሻጋታ ነው፤ የቀሩት በፋብሪካ የተቀመሙ ናቸው። ከተክል ተወስዶ እንደ ፔኒሲሊን በሆስፒታል ለመላ ሰውነት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ እስካሁን የለም። ይህን ማወቅ ወኔሽን አይግደለው፤ የት እንደምትቆሚ ግን ያሳይሽ። ተክል ለቁስል ማጠቢያ፣ ለቅባት፣ ለአፍ ማጽጃ የሚሆን ነገር ሊሰጥ ይችላል። አንዳንዴም ሌላውን መድኃኒት ያግዛል፦ በ2000 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በርቤሪን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ ንጥረ ነገር የሚሠራው ተክል ከእሱ ጋር ሌላ ንጥረ ነገር እንደሚያመርት አሳዩ፤ ያ ሁለተኛው ብቻውን ባክቴሪያ አይገድልም፣ ግን የስታፊሎኮከስን ፓምፕ ይዘጋና በርቤሪኑ ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። ስለዚህ ንጥርሽን ስትለያዪ ኃይሉ በድንገት ቢጠፋብሽ «ከሸፈ» ከማለትሽ በፊት ክፍሎቹን መልሰሽ አገናኝተሽ ሞክሪ።

ጭቃውንም እንዳትንቂ። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ብሮትዙ በ1945 በሳርዲኒያ ካልያሪ የከተማው ፍሳሽ ባሕር ከሚገባበት አፍ ላይ ውሃ ቀዳ፤ ከዚያ ያገኘው ሻጋታ ሴፋሎስፖሪኖችን ወለደ። ዛሬ በሐርጌሳ ሆስፒታሎች በየቀኑ የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን የዚያ ዘር ነው። በዘይላ ማንግሮቭ ሥር ያለው ጥቁር ጭቃና በቅጠሉ ውስጥ የሚኖሩት ፈንገሶች ከቅጠሉ ይልቅ ሀብታም ሊሆኑ ይችላሉ። ከቻልሽ በማንኪያ የሚሆን ጭቃ በንጹሕ ጠርሙስ ይዘሽ ተመለሺ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ለቀጣዩ ጥናት የማስቀምጠው እሱን ነው።

7. ለማንም አታጠጪ፣ ለማንም አትቀቢ።

ንጥርሽ ጥሩ ውጤት ባሳየ በሳምንቱ ሰው ይመጣል። የዘመድ ልጅ ጉሮሮው አብጧል፣ የጎረቤት እግር አልድን ብሏል። «ከተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳል?» ይሉሻል። በእስያ ዳርቻዎች ኤክሴካሪያ አጋሎቻ የሚባል የማንግሮቭ ዛፍ አለ፤ ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ እሱም ተፈጥሮ ነው። የአንቺ ንጥር በሰው ሴል ላይ፣ ከዚያም በእንስሳ ላይ ሳይፈተን ማንም አያውቀውም። ግመል የማንግሮቭ ቅጠል ትበላለች ብለሽም አትከራከሪ፤ አንቺ የምትሰጪው ቅጠሉን ሳይሆን በማሟሟያ የተጠመቀውን ነው። ለሚጠይቅሽ ሰው መልስሽ አጭር ይሁን፦ ሐኪም ቤት እንሂድ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።

ይህን ስልሽ የአገሩን መድኃኒት አዋቂዎች አቃልዪ ማለቴ አይደለም። ሶማሌዎች መልመል የሚሉት የእኛ ከርቤ ለቁስልና ለድድ ከጥንት ጀምሮ ያገለገለ ነው፤ በ1996 የፍሎረንስ ተመራማሪዎች በውስጡ ሕመም የሚያስታግሱ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙ፣ ኋላም ባክቴሪያና ፈንገስ የሚከላከሉ ክፍሎች አገኙበት። በሐርጌሳ ገበያ ከርቤ፣ ዕጣንና ቀሲል የሚሉትን የቅጠል ዱቄት ዘርግተው የሚሸጡትን እናቶች ቁጭ ብለሽ ጠይቂ፤ የትኛውን ለምን እንደሚሰጡ፣ ለነፍሰ ጡር የትኛውን እንደሚከለክሉ። የሚከለክሉትን በተለይ ጻፊ። ስለ ጉዳቱ የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ስለ ጥቅሙ ከሚናገሩት ይበልጣል።

8. የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ጻፊ።

ኢትዮጵያዊውን ሳይንቲስት አክሊሉ ለማን ሳታውቂ ይህን ሥራ አትጀምሪ። በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ነው። ከዚያ ተነሥተው፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ እንዶድ ቢልሃርዚያን ለመቆጣጠር እንደሚያገለግል አሳዩ። የሳሙናውን ነገር ሴቶቹ ከእሳቸው በፊት ያውቁታል፤ እሳቸው ደግሞ የሞተውን ቀንድ አውጣ አይተው አላለፉም። ከዚያ በኋላ ግን ረጅም ዓመታት አለፉ፤ በኢትዮጵያ የተሠራው የደኅንነት ምርመራ ውጭ አገር ባሉ ትልልቅ ተቋማት ዘንድ አይበቃም ተባለ፣ በሌላ ላብራቶሪ እንደ አዲስ ይሠራ ተባለ። በ1989 አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ቀጥሎ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የሐይቅ ቧንቧ የሚደፍኑ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳትን እንደሚገድል ተረጋገጠና የባለቤትነት መብቱ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንዶዱ የዓድዋ ሴቶች ነው።

የጤፉንም ታስታውሻለሽ። በጤፍ ዱቄት አዘጋጃጀት ላይ ለሆላንድ ኩባንያ የተሰጠው ፓተንት በሔግ ፍርድ ቤት የተሻረው በ2018 ነው፤ እስከዚያ ኢትዮጵያ ከኩባንያው ጋር ካደረገችው ስምምነት የረባ ጥቅም አላገኘችም። ኢትዮጵያ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/2006ን አውጥታለች፤ ስለዚሁ ጉዳይ የተደረሰው ዓለም አቀፍ የናጎያ ፕሮቶኮልም ከ2014 ጀምሮ በዓለም ላይ ይሠራል። ሶማሌላንድ በአብዛኞቹ የዓለም መንግሥታት ዕውቅና ያላገኘች አገር ስለሆነች እንዲህ ባሉ ስምምነቶች ጥላ ሥር በራሷ ስም ልትቆም አትችልም። ስለዚህ የዘይላን ሰዎች የሚጠብቃቸው አንቺ የምትጽፊው ወረቀት ነው። መዝገብሽ ላይ ዛፉ ከየት እንደመጣ፣ ስለ እሱ ማን እንደነገረሽ፣ ስማቸው እንዲጠራ ይፈልጉ እንደሆነና እንዳልሆነ ይስፈር። ውጭ አገር ያለ ላብራቶሪ ናሙናሽን ላኪልኝ ሲልሽ፣ ማሽኑ እዚህ ስለሌለ ትልኪ ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲሽ ጋር የተፈረመ ውል ይኑር፣ ከግማሹ በላይ ናሙና እዚህ ይቅር።

9. ያልሠራውንም አሳትሚ።

ውጤትሽ ባዶ ከሆነ ባዶ ብለሽ ጻፊ፤ ሌላ ተማሪ ያንኑ ዛፍ እንደገና እንዳይቆርጥ ያደርጋል። ከጽሑፍሽ መጨረሻ በሶማሊኛ አንድ ገጽ አክዪና ወደ ዘይላ ይዘሽ ሂጂ፣ ለሽማግሌዎቹ አንብቢላቸው። በአማርኛም አንድ ገጽ ጻፊ፤ ጎንደርም ጅማም ያለ ተማሪ ይፈልገዋል።

10. የመጀመሪያዎቹን ፕሌቶች ስታወጪ ደውዪልኝ።

የቅጠሉን ክብ በመጨረሻ ነው የማየው። መጀመሪያ ዲኤምኤስኦውን፣ ቀጥሎ ጨውን፣ ቀጥሎ በመመዘኛው ኢ. ኮላይ ላይ ያደረግሽውን ጄንታማይሲን አሳዪኝ። የጄንታማይሲኑ ክብ ከ19 እስከ 26 ሚሊሜትር ባለው መካከል ካልሆነ ዲስኩ አርጅቷል፣ ወይም አጋሩ ወፍሯል፣ ወይም ኢንኩቤተሩ መብራት ሲጠፋ ቀዝቅዞ አድሯል፤ ያን ቀን ሌላውን ምንም አትለኪ፤ ፕሌቶቹን አውቶክሌቭ አስገቢና በማግስቱ እንደገና እንዘራለን።